አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ገለል ብዬ ስለ አይጥ ልጽፍ ነው። «በዚህ ሁሉ ጉድ መሀል ስለ አይጥ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ መርዝን «መድኃኒት» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ስለ መርዙ ምን ያህል ያስባል?

በየገበያውና በየመናኸሪያው የሚሰማውን የድምፅ ማጉያ ታውቁታላችሁ። «የአይጥ መድኃኒት! የበረሮ መድኃኒት! የቁንጫ፣ የትኋን!» ሻጩ ትከሻው ላይ ሳጥን አንጠልጥሏል። ሳጥኑ ውስጥ በትናንሽ ፌስታል የተቋጠረ ሮዝ ስንዴ፣ ጥቁር ዱቄት፣ አንዳንዴም ስም የሌለው ክኒን አለ። ማን እንደሠራው፣ ምን እንደሆነ፣ ቢዋጥ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድ መስመር ጽሑፍ የለበትም። ገዢውም አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ይገድላል?» ብቻ ነው። «ይገድላል!» ይባላል። እውነት ነው፣ ይገድላል። ማንን እንደሚገድል ግን የሚታወቀው በኋላ ነው።

የማወራው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እትብቴ የተቀበረው ንፋስ መውጫ ነው፤ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወርደው፣ ትልልቆቹ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚሉት አስፋልት መሀሏን ሰንጥቋት ያልፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስሟን ያለ ምክንያት አላገኘችም። ያ ንፋስ ግን አይጥ አያባርርም። እንዲያውም ብርዱ ሲከፋ አይጥ እንደ ሰው ቤት ለቤት ትጠጋለች።

የእናቴ ጓሮ ትልቅ አይደለም። ድንች፣ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳር ዳሩን ባቄላ። ቤት ውስጥ ደግሞ የገብስ ጎታ፣ ለዘር የተቀመጠ ድንች፣ ጥቂት ማዳበሪያ እህል። ይቺ ጓሮ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ጌጥ ልትመስል ትችላለች። ለእናቴ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ክፉ ወራት የሚያሻግራት ድልድይ ነች። የዘር ድንቹ በአይጥ ከተበላ የሚመጣው ዓመት ተበላ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንዲት የቤት አይጥ በቀን 15 ግራም ያህል እህል ትበላለች። በዓመት 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። አሥር አይጥ ያለበት ቤት 55 ኪሎ ይከፍላል፤ ግማሽ ኩንታል አለፈ ማለት ነው። አሥር አይጥ ደግሞ በእኛ አገር ብዙ አይባልም። ይሄ የምትበላው ነው። በሽንቷና በበጠጧ የምታበላሸው፣ የምትቀደው ማዳበሪያ፣ የምትቆርጠው የኤሌክትሪክ ገመድ አልተቆጠረም። ግብር ከፋይ ብንሆን ኖሮ ይህን ያህል ለወሰደብን አካል ስንት ሰልፍ በወጣን ነበር!

ለጋይንት ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ከተማዋ በነሐሴ 2013 ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር። በዚያን ጊዜ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከወራት በኋላ በ2014 ባወጣው ሪፖርት ዓለም አንብቦታል። ያን ከአይጥ ጋር አላነጻጽርም፤ ነውር ነው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ጊዜ ጎታው የተራቆተበት ቤት «ጥቂት እህል ነው፣ ተዉት» ማለት አይችልም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ጎታዋን የምትከድንበት እጅ ሌላ ነው። ሌሊት ኮርኒሱ ላይ ኮሽታ ስትሰማ ተነስታ ትቀመጣለች።

አይጥ ሁሉ አንድ አይደለችም

ሰዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ይጀምራል። «አይጥ አስቸገረን» እንላለን እንጂ የትኛዋ እንደሆነች አንጠይቅም። በእኛ ጓሮ ቢያንስ ሦስት ዓይነት እንግዶች አሉ።

የመጀመሪያዋ የቤት አይጥ ናት። ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ ግድግዳ የምትወጣ፣ ኮርኒስ ላይ የምትሯሯጥ። ዘሯ ከእስያ ተነስቶ በመርከብና በሸቀጥ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ሦስት ሳምንት አርግዛ ከ5 እስከ 8 ትወልዳለች፤ የወለደቻቸው ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ወይም እንደሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። አንዲት ገድሎ «ተገላገልኩ» ማለት ከጎርፍ አንድ ባልዲ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ሁለተኛዋ የሜዳ አይጥ ናት። በቀን የምትታይ፣ ከካብ ሥር ወጥታ ሣርና ቡቃያ የምትበላ። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኝ የሣር አይጥ አለች፤ በሌላ ዓለም የለችም። ወደ ስማዳና እስቴ ቆላማ ክፍል ስንወርድ ደግሞ ብዙ ጡት ያላት ሌላ ዓይነት ትመጣለች፤ እስከ 12 ጥንድ ጡት አላት፣ በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ዝናብ በደላት ዓመት ቁጥሯ በድንገት የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፍልፈል ነው። እሱ ከናካቴው ከመሬት በላይ አይወጣም ማለት ይቀላል። አፈር እየቆለለ ይሄድና ድንቹን ከታች ይጎትተዋል። ላዩ ለምለም ነው፤ ነገ ልቆፍር ስትሉ ሥሩ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለፍልፈል ሮዝ ስንዴ ብትበትኑለት አያይላችሁም፤ የምትመግቡት የጎረቤትን ዶሮ ነው። ለእሱ የሚሆነው የአያቶቻችን ወጥመድ ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ማነቆ፣ ከላይ የተለመጠ ልምጭ። እሱ ቀዳዳውን ሊደፍን ሲመጣ ልምጩ ተፈናጥሮ ያንቀዋል። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።

መድኃኒቱ ማንን ገደለ?

አሁን ወደ መርዙ እንመለስ። በገበያ የሚሸጠው በጥቅሉ ሁለት ባሕርይ አለው። አንደኛው ፈጣን ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ዱቄት ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ማርከሻ የለውም። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ አይጧ የምትሞተው ከበላች ከቀናት በኋላ ነው። ለዚህኛው ማርከሻ አለ፣ ቫይታሚን ኬ ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። አንዱ ማርከሻ አለው፣ አንዱ የለውም። ሐኪሙ ሊረዳችሁ የሚችለው የትኛው እንደሆነ ካወቀ ነው። ፌስታሉ ላይ ግን ጽሑፍ የለም።

በሰፈራችን አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ከምድጃ ሥር የተበተነ ሮዝ ስንዴ አንስቶ አፉ ውስጥ ሲከት ተያዘ። ምን ያህል እንደዋጠ ያየ የለም። እናትየው እየጮኸች አዝላው ሮጠች። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «የምን መርዝ ነው?» ብሎ ነው። «የአይጥ መድኃኒት» አለችው። «የቱ?» ዝም። መጠቅለያው የተቀደደ የደብተር ወረቀት ነበር፤ ሻጩ ደግሞ ገበያ ውሎ ወደ ሌላ ገበያ ሄዷል። ልጁን አስተኝተው ቀናት ጠበቁት፤ ፈጣሪ ይመስገን ዳነ። እናትየው ግን እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷና አምላኳ ያውቃሉ።

የእኛ ጎረቤት ድመት አልዳነችም። ሰፈሩ ሁሉ የሚመካባት አዳኝ ነበረች። መርዝ በልታ እየተንገዳገደች የወጣች አይጥ ለድመት ቀላል እራት ናት። በላቻት፣ ሞተች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አይጡ ቀነሰ? ጨመረ እንጂ! ድመቷ በዓመት የምታጠፋውን ማን ይተካ? በመርዙ የሞቱት አይጦች ቦታ በሁለት ወር ውስጥ ሞላ፤ የድመቷ ቦታ ግን ዓመት ሙሉ ባዶ ቆየ።

ሌላም አለ፤ ጮክ ብለን የማናወራው። በአገራችን ሆስፒታሎች በመመረዝ በመጡ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝን ደጋግመው ያነሳሉ። ከተመረዙት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ነገሩም ብዙ ጊዜ ድንገተኛ አይደለም። የአንድ ምሽት ጠብ፣ የፈተና ውጤት፣ የጋብቻ ጭቅጭቅ። ያ ንዴት ሲነጋ ሊያልፍ የሚችል ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ግን ፌስታሉ ተቀምጧል። ስሪ ላንካ ይህን በአገር ደረጃ አይታለች። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ስታግድ፣ ራስን የማጥፋት መጠን በ20 ዓመት ውስጥ በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። የሰው ኀዘን አልጠፋም፤ መርዙ ከእጅ ስለራቀ ግን ሰው ለሌላ ቀን ተረፈ። ቤታችሁ ውስጥ የከፋው ሰው ካለ ዛሬውኑ አጠገቡ ተቀመጡ፤ መርዙንም ከቤት አስወጡት።

ሕግ የለንም እንዳትሉ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥን ይከለክላል። አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የድምፅ ማጉያው ግን ከአዋጁ በላይ ይሰማል።

ተረቱ ስለ ዳዋ የተሳሳተው

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል የአገሬ ሰው። ጥፋተኛው አምልጦ ንጹሑ ሲቀጣ የሚባል ነው። በልጁና በድመቷ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አይጥ በበላ ድመት ተመታች፣ አይጥ በበላ ሕፃን ተመታ።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ተረቱ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳዋ በነጻ አይሰናበትም። አይጥን አቅፎ ያሳደጋት ማን ሆነና? አይጥ ሜዳ ላይ አትኖርም። ጭልፊት ከላይ ያያታል፣ ድመት ከታች ይጠብቃታል። የምትኖረው ካላጨድነው ሣር ውስጥ፣ ለዓመታት ካልተነሳ የኩበት ክምር ሥር፣ ከፈረሰ ካብ ስንጥቅ፣ ከግድግዳ ጋር ከተጠጋ የእንጨት ቁልል ኋላ ነው። መጠለያዋን ትታችሁ እሷን ብቻ ብትገድሉ፣ ቤቱ ክፍት ነውና ሌላ ተከራይ ይገባል። በእኔ እምነት ለጓሮ አይጥ ትክክለኛው አሠራር ተረቱን መገልበጥ ነው፦ አይጥ ከመብላቷ በፊት ዳዋውን መምታት።

ይህ ነገር እርሻ ላይ ሲሄድ ደግሞ ይወሳሰባል። በትግራይ ደጋማ ቦታዎች የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ የማይጠበቅ ነገር አይተዋል፤ የድንጋይ እርከን በተቀራረበበት ማሳ አይጥ ይበዛል፣ የሰብል ጉዳቱም ይከፋል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝብ ወጥቶ የሚሠራው እርከን አፈሩን ያድናል፤ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት ግን ለአይጥ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን የምለው እርከን ይፍረስ ለማለት አይደለም። ጋይንት አፈሩን ያጣ ቀን አይጥ እንኳ የሚበላው አይኖርም። የምለው፦ ድንጋዩን መደርደር ሥራው ግማሽ ነው፤ ክፍተቱን በአፈር መድፈን፣ ዳሩን ማጨድ፣ በየዓመቱ መጠገን ቀሪው ግማሽ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ በሪፖርት ሰምተናል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጠገነ ሰምተን እናውቃለን?

ያልተከፈላቸው ዘበኞች

አይጥ ጠላቷን የምታውቀውን ያህል እኛ ወዳጆቻችንን አናውቅም። ጉጉት ሌሊት ጣሪያ ላይ ከጮኸች «ሞት ጠራች» ብለን በድንጋይ እናባርራታለን። እሷ ግን የመጣችው አይጥ ልትይዝልን ነው፤ ደመወዝም አልጠየቀችም። ጭልፊት አንዲት ጫጩት ስለወሰደ ስንት አይጥ እንዳነሳልን አንቆጥርለትም።

ከከተማችን ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ ሌላ ምስክር ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ይነሳሉ። ቀይ ቀበሮም ይኖርበት እንደነበር ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት እነዚህ ቀበሮዎች በኢትዮጵያ ብቻ ነው የሚገኙት፤ ምግባቸውም ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ በተደረገ ጥናት ከሚበሉት ከ90 በመቶ በላይ እሱ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ግን «በግ በላ» ብለን እናሳድዳቸዋለን፣ ሣራቸውን እናርሳለን፣ ውሾቻችን የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፉባቸዋል። ከዚያ ወርደን ከድምፅ ማጉያው መርዝ እንገዛለን። ነጻ ዘበኛ አባርሮ በገንዘብ ሌባ መቅጠር ይሏል ይህ ነው።

ጅራት ቆጣሪዎችና ድንበር ጠባቂዎች

በ1902 (እ.ኤ.አ) ሃኖይን የሚገዙት ፈረንሳዮች ዘመናዊ የፍሳሽ ቱቦ ሠሩና አይጥ ተራባባቸው። መላ ዘየዱ፤ የአይጥ ጅራት ለሚያመጣ ሁሉ ገንዘብ ይከፈላል አሉ። ጅራቱ ጎረፈ፣ ሪፖርቱ አማረ። ኋላ ላይ ከተማዋ ውስጥ ጅራት የሌላቸው አይጦች ሲሯሯጡ ታዩ። ሰዉ ጅራቷን ቆርጦ እንድትወልድ ይለቃታል! ከከተማው ዳርም አይጥ የሚያረቡ ተገኙ። ክፍያው ቆመ፣ አይጡ ግን ቀረ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር ከ1950 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አይጥን ድንበሯ ላይ ትጠብቃለች። ከጎረቤቷ ሳስካቼዋን ጋር በምትዋሰንበት በኩል የአይጥ መቆጣጠሪያ ቀጠና አላት። ባለመሬት ሁሉ በይዞታው ላይ አይጥ እንዳይኖር በሕግ ግዴታ አለበት። አንድ ሰው አይጥ ካየ ይደውላል፣ ባለሙያ ይመጣል። ለጌጥ እንኳ አይጥ ማርባት ክልክል ነው። ውጤቱ? እስከ ዛሬ ራሷን ከአይጥ ነጻ ብላ ትጠራለች።

ሃኖይ የቆጠረችው የሞተ አይጥ ነው፤ አልበርታ የምትቆጥረው አይጥ የሌለበት ግቢ ነው። አንዷ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ጥቅም ሰጠች፤ ሌላዋ በሁሉም ላይ የጋራ ግዴታ ጣለች። ወዳጆቼ፣ ይህ ስለ አይጥ ብቻ ይመስላችኋል?

በእኛ ሰፈር የሆነው

የጋራ ግዴታ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ወንፈል አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ሰፈር አይጥን ለማባረር ለምን አይሰበሰብም?

ይህን መጀመሪያ ያነሱት ጎረቤታችን የሆኑ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ድመቷ የሳቸው ነበረች። እድር ላይ ተነስተው «እኔ አይጥ ሳባርር ወደ እትዬ ትሄዳለች፤ እትዬ ሲያባርሯት ወደ እኔ ትመለሳለች። እኛ አይጥ እየገደልን አይደለም፣ እያዘዋወርን ነው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «ወንድሜ እውነቱን ነው፤ በአንድ ቀን እናድርገው» አለች። ተስማሙ፦ መርዝ የለም፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ይህ ራሱ ብልህነት ነበረበት። እኛ አይጥን የምናሳድደው ሰብሉ ደርሶ ጉዳቱን ስናይ ነው፤ ያኔ ጠግባለች፣ ተራብታለች፣ ወጥመድ ላይ ያለውን ቁራሽ ዞራ አታየውም። በሚያዝያና ግንቦት ግን ቁጥሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ረኀብ አለባት፣ ገና መውለድ አልጀመረችም። ክረምት ሳይገባ የተያዘች አንዲት ሴት አይጥ ማለት በኅዳር የማይመጡ ደርዘን አይጦች ማለት ናት።

የተሠራው እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ በየግቢው ሣሩ ታጨደ፤ የኩበቱና የእንጨቱ ክምር ከግድግዳ ራቅ ብሎ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተደረገ። ክምሩ ሲነሳ የታየውን ጎጆ ልንገራችሁ አልችልም።

ሁለተኛ፣ የፈረሰ ካብ ተካበ፣ ቀዳዳው በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ። የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳ ለአይጥ በር ነው። በበሩ ሥር ቆርቆሮ ተመታ።

ሦስተኛ፣ ጎታና ማዳበሪያው ከመሬት ተነስቶ ቆጥ ላይ ወጣ፤ በቆጡ እግሮች ዙሪያ እንደ ጃንጥላ የተገለበጠ ቆርቆሮ ተደረገ። አይጥ እንጨቱን ትወጣለች፤ ቆርቆሮው ላይ ስትደርስ ግን ትንሸራተታለች።

አራተኛ፣ ወጥመድ በየቤቱ፣ በአንድ ሌሊት። አይጥ አዲስ ነገር ትፈራለች፤ ስለዚህ ወጥመዱ ሳይወጠር ምግብ ተደርጎበት ሁለት ሦስት ቀን ተተወ። ለመደችው። ከዚያ ተወጠረ። ግድግዳ ጥግ ለጥግ ነው የሚቀመጠው፤ አይጥ መሀል ወለል አትሄድም። የሞተችውን በባዶ እጅ መንካት የለም፤ እጅ ላይ ፌስታል አጥልቆ አንስቶ፣ ጠለቅ አድርጎ መቅበር፣ በሳሙና መታጠብ። በሽንቷ የሚተላለፍ በሽታ አለና።

አምስተኛ፣ የድመት ግልገል ከዘመድ ተፈልጎ መጣ። የሚገርመው ለዚህ ነበር ጭቅጭቁ፤ ሁሉም ፈለገ።

ተአምር ተፈጠረ አልላችሁም። አይጥ አልጠፋችም። ግን በዚያ ዓመት የእናቴ የዘር ድንች እንደ ተቀመጠ ተገኘ፤ ኮርኒሱም ዝም አለ። እናቴ በስልክ «ልጄ፣ እንቅልፍ ተኛሁ» አለችኝ። ለእኔ ከዚህ በላይ ሪፖርት የለም።

ከዚያ በኋላ አይጡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መምጣት ጀመረ። ከሰፈሩ ጥግ የአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን አለ። አጥሩ ረጅም ነው፣ ቁልፉ ትልቅ ነው፣ ሣሩ ደግሞ ከአጥሩ ሊበልጥ ትንሽ ነው የቀረው። ውስጡ የተከመረ አሮጌ ዕቃና የፈሰሰ እህል አለ ይባላል። የእድሩ ሽማግሌዎች ሄደው «እኛው እናጭድላችሁ፣ በሩን ብቻ ክፈቱልን» አሉ። ዘበኛው «አለቃውን ጠይቁ» አለ። አለቃው «ደብዳቤ አስገቡ» አሉ። ደብዳቤው ገባ። «ንብረቱ የእኛ ሳይሆን የበላይ አካል ነው» ተባለ። የበላይ አካል ሌላ ከተማ ነው። መምህሩ ያን ቀን ሲመለሱ ያሉትን አልረሳውም፦ «አይጧ ያለ ደብዳቤ ትገባለች፤ እኛ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ይዘን ውጭ ቆመናል።»

እና ምን ይደረግ?

ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ባለበት ግጭት፣ የግብርና ባለሙያ ጓሮ ለጓሮ ዞሮ ያስተምረን ማለት እንደ ቀልድ ይሰማል። ይህን አውቃለሁ። ግን ከምለው ውስጥ ብዙው በጀት አይፈልግም፣ ሰላም እስኪመጣም አይጠብቅም። ማጭድ፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ፣ ስምምነት ነው የሚፈልገው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንል ሕዝብ አይጥ ማሰር እንዴት ያቅተናል?

ከሚመለከታቸው ግን ሁለት ነገር መጠየቅ መብታችን ነው። አንደኛ፣ ስም የሌለው መርዝ ከገበያ ይውጣ። አዋጁ አለ፤ የጎደለው ገበያ ወርዶ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ነው። ቢያንስ ቢያንስ መጠቅለያው ላይ ምን እንደሆነ በአማርኛ ይጻፍ፤ ሐኪሙ እናትየዋን «የቱ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይኑራት። ሁለተኛ፣ የመንግሥት ግቢ እንደ ገበሬው ግቢ ይጠየቅ። ገበሬውን «ጓሮህን አጽዳ» የሚል አካል የራሱ መጋዘን የአይጥ ማርቢያ ከሆነ ማን ይሰማዋል?

እናንተ ደግሞ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ዳር ወይም ባሕር ማዶ፣ ገጠር ያለ የቤተሰብ ቤት ቆልፋችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ለጎረቤት ደውሉና ቁልፉን ስጡ። ባዶ ግቢያችሁ ዳዋ ለብሶ የሌላውን ሰው ጎታ እያስበላ ነው። ለመንደራችሁ ገንዘብ ከመላክ በፊት ሣራችሁን አሳጭዱ።

አገር የሚበላው ብዙ ጊዜ በቀን በሚያገሳ አውሬ አይደለም፤ ሌሊት በኮርኒስ ላይ በሚሯሯጠው፣ እኛም ለምደነው እንቅልፍ በሚወስደን ነገር ነው። ያን ስንሰማ የሚቀርብልን ምርጫ ሁለት ነው፦ ስም የሌለውን መርዝ በትኖ ማን እንደሚሞት መጠበቅ፣ ወይም ማጭድ ይዞ ከጎረቤት ጋር ዳዋውን መመንጠር። ሁለተኛው ይደክማል። ግን ሲነጋ የምንቀብረው ሰው አይኖርም።

ቸር ያሰማን።